በሩዝ የታከመው ሃርድ ዲስክ

በዚህ አገር ቆማችሁ ስትሄዱ ዞር ብሎ የሚያያችሁ አታገኙም፤ የወደቃችሁ ዕለት ግን አገሩ ሁሉ ሐኪም ነው! ውሸት ከመሰላችሁ ወረታ ድረስ መጥታችሁ አንድ ነገር ጣሉ።

እኔ የጣልኩት ሃርድ ዲስክ ነው። መዳፍ የሚያህል ጥቁር ዕቃ ነው፤ ግን የሠርጌ ቪዲዮ በሙሉ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ሌላ ቅጂ? የለም! ቪዲዮ ቀራጩ ኮምፒውተሩ ሲሞላበት የእኛን ሠርግ አጥፍቶ የሌላ ሰው ሠርግ ጭኖበታል። አማቴ ደግሞ በሠርጋችን ዕለት ታመው ተኝተው ስለነበር የልጃቸውን ሙሽርነት አላዩም። ይህ ባለቤቴን ትርንጎን ሲቆጫት ነበር። እናም ቅዳሜ እሳቸውን ከደብረ ታቦር አምጥታ ቁጭ አድርጋ ልታሳያቸው ቀደም ብላ ሄደች። ስትሄድ ምን አለችኝ? "ያንን ዕቃ አደራ! አንተ እንደሁ ራስህንም ጥለህ ትመጣለህ።"

የፈሩት ይደርሳል... ዓርብ ዕለት ሠርጌን ለመምህራን ሳስኮመኩም ውዬ (የኮምፒውተር መምህር ነኝ፣ አትሳቁ!) ወደ ቤት በባጃጅ ተሳፈርኩ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር አንድ ለአምስት አይደል? ባጃጁም አንድ ሾፌር ለአምስት ተሳፋሪ ነበር። መገንጠያው ላይ ሲታጠፍ ሃርድ ዲስኩ ከጭኔ ሾልኮ አስፋልቱ ላይ... ጧ!

"ቁም! ቁም! ሠርጌ ወደቀ!"

"ሙሽሪት ናት?" አለ ሾፌሩ ፍሬን ይዞ እየዞረ።

ወርዶ ሃርድ ዲስኩን አነሳና ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀው። "አይንኳኳም፤ ደህና ነው።" አጠገቤ የተቀመጡ እንቁላል ነጋዴ ሴትዮም፣ "እስቲ አምጣው" ብለው ተቀብለው ልክ እንቁላል እንደሚመርጡ አድርገው ነቀነቁት። "አይ፣ ይህስ አልተበላሸም" አሉ። የወደቀ ሃርድ ዲስክ መነቅነቅ ማለት እኮ የወደቀን ሰው በከዘራ መድገም ነው።

ሰክቼ ላየው እየበረርኩ ቤት ስገባ መብራት እልም! የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። በር ላይ አከራዬ እትዬ እንጉዳይ ቆመዋል።

"ምነው ልጄ፣ ፊትህ ጠቆረ?"

"ሃርድ ዲስኩ ወደቀብኝ፣ እትዬ።"

"ታዲያ ሩዝ ውስጥ ክተተዋ! የኔ ስልክ ወድቆ በሩዝ አይደል የዳነ?"

"የእርስዎ ስልክ እኮ ባልዲ ውስጥ ወድቆ ውሃ ገብቶበት ነው!"

"ይኸውልህ! ውሃ ውስጥ የወደቀው ከዳነ፣ ደረቅ መሬት ላይ የወደቀማ እንዴት አይድን?"

እስቲ ይህን መልሱ! የሩዝ አገር ፎገራ ላይ ቆሞ ሩዝን መጠራጠርስ ማን ወንድ ይደፍራል? እኔ የኮምፒውተር መምህሩ በገዛ እጄ አቀበልኳቸው። እትዬ በስመ አብ ብለው ሃርድ ዲስኩን ጓዳ ካለው የሩዝ ጆንያ ውስጥ እስከ ክንዳቸው ድረስ ቀበሩት። ብርድ እንዳይመታውም የጆንያውን አፍ በሻሽ አሰሩለት።

ጠዋት ስነሳ ጆንያው በቦታው የለም።

"እትዬ! ጆንያውስ?"

"ውይ በሞትኩት! ስማቸው ገበያ ይዞት ወጣ!"

ከድጡ ወደ ማጡ አትሉም? እኔ ከፊት፣ እትዬ ነጠላቸውን አሸርጠው ከኋላ፣ ገበያ ደረስን። ባለቤታቸው አያ ስማቸው ከአንድ ነጋዴ ጋር ተስማምተው ጆንያው ሚዛን ላይ ሊወጣ ነው።

"አያ ስማቸው! አይሸጥም! ሠርጌ አለበት!"

ማብራሪያ ሳልጨምር እጄን ሰድጄ ሃርድ ዲስኩን መዝዤ አወጣሁት። ይህን ጊዜ ነጋዴው ጮኸ። "ጉድ እዩልኝ ወገኖቼ! ብረት ቀብረው ሊያስመዝኑብኝ!"

አያ ስማቸው ዕድሜ ልካቸውን በሚዛን ተወቅሰው አያውቁም። ፊታቸው አመድ መሰለ። "የጣራ ገዳሙ አምላክ ይመስክርልኝ፣ ብረት አይደለም! የመምህሩ ሠርግ ነው!"

"ሠርግ ከሆነ አሳዩና!"

እንግዲህ አስቡት... ሃርድ ዲስኩ ካልሠራ አማቴ እንደተቆጩ መቅረታቸው ነው፤ አያ ስማቸው ደግሞ ሚዛን አጭበርባሪ ተብለው መቅረታቸው ነው። ነጋዴው ከፊት፣ ግማሹ ገበያ ከኋላ ሆኖ ወደ ቤት ተጓዝን። ትርንጎና አማቴ ገና መግባታቸው ነበር። ትርንጎ ሰዉን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየች። አስተያየቷን አልነግራችሁም። አማቴ ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"ይህ ሁሉ ሰው ለእኔ ብሎ ነው የመጣ?"

"አዎ፣ እማማ" አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ደግነቱ መብራት መጥቷል። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁት። ከውስጡ የሩዝ ብናኝ ቡን አለ... ግር... ግር... ዝም። ደግሞ ግር አለና ትርንጎ በነጭ ቬሎዋ ብቅ!

አማቴ እልል አሉ። ሠርጉ የዛሬ መሰላቸው መሰለኝ፣ ተነስተው በቴሌቪዥኑ መስኮት የልጃቸውን ጉንጭ ሳሙ። ገበያተኛው ሁሉ ተቀብሎ እልል አለ። እኔም ብትሉ አለቀስኩ፤ ምን አሳፈረኝ? ነጋዴው ከተቀመጠበት ተነስቶ የአያ ስማቸውን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ።

"ይቅር ይበሉኝ። ያንን ሩዝ እንደተስማማነው ልውሰደው።"

እትዬ እንጉዳይ ብድግ አሉ። "የትኛውን ሩዝ? እሱማ አይሸጥም! መድኃኒት ነው!"

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ጠጋኝ ቤት መሄድ ተወ። የወደቀ ሬዲዮ ይመጣል፣ የወደቀ ሰዓት ይመጣል፤ እትዬ ተቀብለው ይቀብራሉ። የዳነው ይወራለታል፤ ያልዳነው ዘግይቶ መጥቶ ነው።

ባለፈው ሳምንት ክረምቱን ታውቁታላችሁ፣ በር ላይ ጭቃው አንሸራቶኝ በጀርባዬ ተዘረርኩ።

"እትዬ! ወደቅኩ! እግሬን! ወጌሻ ይጠራልኝ!"

ከውስጥ ከባድ ነገር መሬት ለመሬት ሲጎተት ሰማሁ።

"መጣሁልህ ልጄ፣ አይዞህ! በል፣ መጀመሪያ እግርህን ክተት።"