መሪ ይዘው ወደ ከብት ሐኪም

በዚህ አገር የላላ ነገር ሁሉ የሚጠብቀው በምክር ነው። አታምኑኝም? እስቲ መንገድ ዳር ቆማችሁ አንዲት ብሎን ፍቱ... መፍቻ የያዘ ሰው እስኪመጣ ጀንበር ትጠልቃለች፤ መካሪው ግን እጃችሁን ሳታነሡ ይደርስላችኋል። “ወደ ግራ ነው”፣ “ኧረ ወደ ቀኝ”፣ “የአክስቴ ልጅ መኪናም እንዲሁ ሆና...” ይህን የነገረኝ የለም። ባለፈው ሰኔ፣ ሠላሳ ሰው ከቦኝ የትራክተር መሪ ስገጥም በራሴ ላይ አይቼዋለሁ።

ለማታውቁኝ ሥራዬን ልንገራችሁ፤ ዳባት ከተማ የከብት ሐኪም ነኝ። የሚያገሣና የሚራገጥ አክማለሁ። ናፍጣ የሚጠጣ በሽተኛ ግን እስከዚያች ጠዋት መጥቶብኝ አያውቅም ነበር። ወረፋውን ለማየት ብቅ ስል፣ ሆዷ ከተነፋ አንዲት በግ ኋላ አያ ሙጬ ቆመዋል። አያ ሙጬ የአባቴ ጎረቤት ናቸው። በአንድ እጃቸው የበቅሏቸውን ልጓም፣ በሌላው የትራክተር መሪ ይዘዋል። መሪ ብቻውን፤ ትራክተር የለም።

“አያ ሙጬ፣ ምንድን ነው ይሄ?”

“ዳመና ታመመ።”

“ምኑን?”

“አንገቱን። ይኸው ወለቀ።”

ዳመና የአባቴ በሬ ነበር። “ነበር” ያልሁት እኔ ስላስሸጥሁት ነው። አምና “አባዬ፣ ዘመኑ የማሽን ነው” ብዬ እንደ ሰባኪ ቆሜ አስተማርኋቸው። አባዬ፣ አያ ሙጬና የሰፈሩ ቄስ በሬዎቻቸውን ሸጠው አንድ ያገለገለ ትንሽ ትራክተር በጋራ ገዙ። አባዬ የበሬያቸውን ስም አወጡለት። ስሙን ወረሰ፤ ጠባዩን ግን አልወረሰም።

“ታዲያ ወደ መካኒክ ነዋ የሚሄዱት” አልሁ።

“መካኒኩ ጎንደር ለቅሶ ሄዷል። ደግሞስ በሬውን የነጠቅሽን አንቺ፤ የተተካውን ማን ያክምልን?”

ወረፋው በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። የበጓ ባለቤት እንኳ “እውነታቸውን ነው” ብላ ተራዋን ለቀቀችላቸው።

“አባትሽ ዘሩን ይዘው ማሳ ዳር ተቀምጠዋል” አሉ አያ ሙጬ ዝግ ብለው። “ነገ ደግሞ ሚካኤል ነው።”

ነገ ሚካኤል ነው ማለት ነገ አይታረስም ማለት ነው። ከነገ ወዲያ የትራክተሩ ተራ የቄሱ ነው። አባዬ በዚያች ቀን ካልዘሩ የገብሱ ወቅት ያልፋል፤ እንዳያልፍ ከፈለጉ ደግሞ የሰው ደጅ ቆመው በሬ መለመን ነው። አባዬ በሬ ለሰው ያውሳሉ እንጂ በዕድሜያቸው ለምነው አያውቁም። በልጃቸው ብልኅነት ሊለምኑ ነው። አፈርሁ። በጓን ቶሎ አስተንፍሼ፣ ከወፍጮ ቤቱ ትልቅ መፍቻ ተውሼ ተነሣሁ።

አያ ሙጬ በግድ በቅሎዋ ላይ አወጡኝ። መፍቻውን በመቀነቴ ሻጥ አድርጌ፣ መሪውን በሁለት እጄ ታቅፌ አንድ ሰዓት ተጓዝሁ። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። በቅሎ በመሪ መንዳት ተጀመረ ብሎ ለሰፈሩ ያወራ እንደሚኖር አልጠራጠርም። በቅሎዋ ግን ኮራ ብላ፣ ቃጭሏን ቅጭል ቅጭል እያደረገች ትሄዳለች።

“ቃጭሏ አምሯል” አልሁ።

“አምሯል አይደል? ምላሱን በቅርቡ ነው የቀየርሁለት” አሉና ደስ አላቸው።

“መሪውስ እንዴት ወለቀ?”

“ፊት ላላ። እኔም ሞፈር ሲላላ የማደርገውን አደረግሁ፤ በእርጥብ ምራን ጠፈርሁት።”

ምራን የበሬ ቆዳ ነው፤ በቀጭኑ ይተለተልና እርጥቡን ይታሰራል፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንደ ብረት ይይዛል። አባቶቻችን እርሻቸውን ያሰሩት በዚሁ ነው፤ አንዳች እንከን የለውም። ዳመናም ሁለት ቀን በምራን ታስሮ እንደ ጉድ አረሰ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ መጣ። ሲደርቅ የሚጠብቅ ቆዳ ሲርስ እንደሚላላ ከአያ ሙጬ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ሞፈር ሲወልቅ በሬ ይቆማል... ትራክተር አይቆምም! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? መሪው ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ። እሳቸው መሪያቸውን ይዘው “ቁም፣ ዳመና! ቁም!” እያሉ፣ ትራክተሩ ግን ቁም መባሉን ከማንም ስላልተማረ እስከ ድንጋይ እርከኑ ድረስ ሄደ። ሰው አለመጎዳቱ የዚያች ቀን ብቸኛ ቁም ነገር ነው።

ማሳው ስንደርስ እርከኑ ላይ ሰው እንደ ማኅበር ተደርድሯል። አባዬ የዘር ስልቻቸውን ጉልበታቸው ሥር አድርገው ለብቻቸው ተቀምጠዋል።

“መጣሽ?”

“መጣሁ፣ አባዬ።”

ስልቻቸውን ወደ ጉልበታቸው ሳቡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሽተኛውን መረመርሁ። መሪው የሚሰካበት ዘንግ ጥርሱ ደህና ነው፤ የመሪው ጥርስም ደህና ነው። የጠፋው ሁለቱን አጥብቆ የሚይዘው ዳዶ ነው። “ዳዶው የታል?” ከማለቴ ሠላሳው ሰው ማሳው ላይ ተንበረከከ። አንዱ ጭቃ ያበጥራል፣ አንዱ ድንጋይ ይገለብጣል፣ አንዱ ዳዶ ምን እንደሚመስል ጎረቤቱን ይጠይቃል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ከቡይት ራስ ተራራ በኩል ሰማዩ እየጠቆረ ነው። አባዬ አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ስልቻቸውን ያያሉ።

ወደ አያ ሙጬ ዞርሁ። “መሪው መጀመሪያ ሲላላ የወደቀ ነገር አላዩም?”

“ኧረ ምንም። አንዲት ቀዳዳ ብረት ብቻ ወድቃ ነበር፤ እሷማ ትርፍ ናት ብዬ...” አሉ። ዓይናቸው ወደ በቅሎዋ ሄደ።

በቅሎዋ ዝንብ ልታባርር አንገቷን ነቀነቀች። ቅጭል!

አንድ ሰዓት ሙሉ ዳዶው ከጉልበቴ ፊት እየጮኸ አብሮን ሲመጣ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ ድምፁን አመሰግን ነበር።

“ትርፍ?” አልሁ።

“መሪው ያለ እሷም ይዞር ነበር እኮ፣ ልጄ።”

ወደ በቅሎዋ ሄድን። በቅሎዋ ጌጧን አላስነካ ብላ ሁለት ሰው ረገጠች። ማሳው ላይ ሙያዬ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ ጆሮዋን ይዤ አረጋግቼ ዳዶውን ከነሽቦው ፈታሁ። ከዚያ መሪውን አስተካክዬ ሰካሁ፣ ዳዶውን አስገባሁ፣ በመፍቻው ተንጠልጥዬ አጠበቅሁ። ሠላሳው አማካሪ የየራሱን አቅጣጫ እየጮኸልኝ ነበር። “ይነሣ!” አልሁ፣ ግንባሬን በክንዴ ጠርጌ፣ እንደ ትልቅ መሐንዲስ።

አያ ሙጬ መሪውን ቀጥ አድርገው ያዙ። ትራክተሩ ግን ወደ ቀኝ ታጥፎ፣ ማረሻውን እየጎተተ ፈሩን እንደ ማጭድ አጉብጦ፣ በቀጥታ ወደ አማካሪዎቹ ሄደ። ሠላሳው ሰው ከእርከኑ ላይ ዘለለ። በዚያች ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር የተቋረጠው ያኔ ነው።

አያ ሙጬ ሞተሩን አጠፉ። አባዬ ተነሡ፤ መጥተው የፊት ጎማዎቹን ዝቅ ብለው አዩና ቀና አሉ።

“ልጄ፣ ሞፈር ስትገጥሚ መጀመሪያ በሬዎቹ ቀጥ ብለው መቆማቸውን አታዪም?”

ጎማዎቹ እርከኑን ሲመቱ ወደ ቀኝ እንደዞሩ ነበሩ። እኔ የጠመመ ትራክተር ላይ ቀጥ ያለ መሪ ገጥሜ ኖሯል። ያን ሁሉ ምክር ስሰማ ውዬ፣ የሚሠራው የመጣው አፋቸውን ዘግተው ከዋሉት፣ በሬያቸውን ካስሸጥኋቸው ሰው ነው። ዳዶውን ፈታሁ፤ ጎማዎቹን ገፍተን አቃናን፤ መሪውን መልሼ ሰክቼ አጠበቅሁ። ዳመና ቀጥ ብሎ ሄደ። አያ ሙጬ እያረሱ፣ አባዬ ከኋላ እየዘሩ፣ እህሉን አፈር አልብሰን ስንጨርስ ዝናቡ ጀመረ።

አባዬ ባዶ ስልቻቸውን አራግፈው በትከሻቸው ላይ ጣሉት። “በሬ ሳልለምን ዋልሁ” አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው ሳይለይ። ዕንባዬ መጣ፤ ዝናብ ነው ብዬ ጠረግሁት።

ገብሱ አሁን በቅሏል። የእኔዋ ጎባጣ ፈር ከደባርቅ መንገድ ላይ ሳይቀር በግልጽ ትታያለች። የጠየቀ ሁሉ አባዬ ዘንድ መልስ አያጣም፤ “የሐኪሟ ናት” ይሉታል።

በሳምንቱ ወረፋው ላይ አያ ሙጬን ደግሞ አየኋቸው። በዚህኛው እንኳ በሽተኛዋ እንስሳ ናት፤ በቅሎዋን ይዘው መጥተዋል።

“ምን ሆነች?”

“ምላሷን ነቅለሽ ወሰድሽባት። ከዚያ ወዲህ ኩርፊያ ይዟት መንገድ አልሄድም ብላለች።”

ክሊኒኩን ዞሬ ፈለግሁ። ቃጭል ውስጥ የሚገባ ብረት የተገኘው ከብት አቁመን የምናክምበት አጥር ላይ ብቻ ነው። አንዲት ዳዶ ፈታሁላቸው፤ ከአራቱ አንዷ ብትጎድል ምን ትሆናለች? ትርፍ ናት። በቅሎዋ እያቃጨለች ሄደች። አጥሩ ከዚያ ወዲህ ትንሽ ይነቃነቅ ጀመር፤ እሱንም በእርጥብ ምራን ጥፍር አድርጌ አስሬዋለሁ፣ አሁን እንደ ብረት ይዟል። ጣሪያችን እንደሚያፈስ ግን ለኮርማ ባለቤቶች እንዳትነግሩብኝ።