ከክምር ድንጋይ የመጣ ክምር ድንጋይ

ውሸትን የፈጠረው ነጋዴ አይደለም። ፖለቲከኛም አይደለም። ውሸትን የፈጠረው አማች ነው! አትቆጡ... እስቲ እውነቱን እንነጋገር። የሚስታችሁ አባት ፊት ተቀምጣችሁ “ሥራ እንዴት ነው?” ስትባሉ እውነቱን የተናገራችሁት መቼ ነው? እኔ ካገባሁ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቴ፤ አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም።

አማቴ አባባ አለባቸው ይባላሉ። ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ፣ ክምር ድንጋይ የምትባለውን ከተማ አለፍ ብሎ ገብስና ድንች የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ልጃቸውን እናኑን ፈልጌ ሽማግሌ የላክሁ ዕለት የተደረገውን ንግግር ሽማግሌዎቹ ዛሬም በተገናኙ ቁጥር ይስቁበታል።

“ልጁ ሥራው ምንድን ነው?”

“አስተማሪ ነው።”

“ምን ያስተምራል?”

“አማርኛ።”

“የት አገር?”

“እዚሁ፣ ደብረ ታቦር።”

አባባ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉ አሉ። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? “ታዲያ ልጆቹ እስካሁን በምን ነበር የሚያወሩት?”

ልጅቱን ሰጡኝ፤ አክብሮቱን ግን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ “መምህር” ይሉኛል። ቃሉስ ጥሩ ነበር፤ አባባ ሲሉት ግን ልክ “ሥራ ፈት” የሚል ይመስላል። ደግሞም አልፈርድባቸውም። በሬ መጥመድ አልችልም። አጥር አጥሬ አላውቅም። አንድ ጊዜ አውድማ ላይ መንሽ ቢያቀብሉኝ ገብሱን ከነገለባው ፊታቸው ላይ በትኜባቸዋለሁ።

አባባ በዚህ ዓለም ከልባቸው የሚወዱት ሁለት ነገር ነው፤ ጥቁሯን ላማቸውንና ሬዲዮናቸውን። ሬዲዮኗ ትናንሾቹን ድንጋዮች ሁለት ሁለት ትጎርሳለች። መቼም ድንጋይ ስል ካብ የሚካብበትን እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። እኛ ዘንድ ባትሪ ማለት በእጅ ተይዞ የሚበራው ነው፤ ሆዱ ውስጥ የሚገባው ድንጋይ ይባላል። ድንጋይ ሲደክም ደግሞ ሕክምናው የታወቀ ነው። መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። አልሻለው ካለ ይነከሳል። አዎ፣ ይነከሳል! ወገቡን በመንጋጋ ጨመቅ ሲያደርጉት ለአንድ ዜና የሚሆን ጉልበት ያወጣል። አባባ በዚህ ዓይነት ዜና ሲያዳምጡ ኖረው አሁን በቀኝ በኩል ሁለት፣ በግራ አንድ ጥርስ ቀርቷቸዋል።

“የአባቴን ጥርስ የጨረሰው ስኳር አይደለም” ትላለች እናኑ፣ “ዜና ነው።”

የእኛም ቤት ቢሆን ከዚህ የተሻለ አልነበረም። አራት ድንጋይና ድንጋይ የሚጠብቅ ሰባት አፍ ነበረን። ለሪሞቱ ስንሰጥ የግድግዳው ሰዓት ይቆማል። ለሰዓቱ ስንመልስ የእጅ ባትሪው ይጠፋል። እንዲያውም አንድ ሳምንት ሙሉ ቤታችን ውስጥ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ተነሳሁና ገበያ መሃል ካለው የሐጂ ሰይድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድኩ።

“ሐጂ፣ የሚሞላ ድንጋይ ፈልጌ ነበር። እየሞሉ ደጋግመው የሚሠሩበትን።”

ሐጂ ሦስት ዓይነት ደረደሩልኝ። አንደኛው ላይ 9900 የሚል ቁጥር በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። ዘልዬ እሱን አፈፍ አደረግሁ።

“ተው” አሉኝ።

“ዘጠኝ ሺ ዘጠኝ መቶ ይላል እኮ!”

“ችግሩ እሱ ነው። ይቺን ጣት የምታክል ነገር ውስጥ ይህን ሁሉ ጉልበት ማን ጠቅጥቆ ያስገባዋል? ይልቅ ይሄን ውሰድ። ሁለት ሺ ይላል፤ ሁለት ሺውንም በትክክል ይሰጥሃል።”

ቻርጀርም እሳቸው መረጡልኝ። ርካሹ ቻርጀር ድንጋዩ ከሞላም በኋላ መቆም የማያውቅ፣ የሚቀቅል ነው አሉኝ። ወደድ የሚለው ግን እያንዳንዱን ለየብቻው ይሞላል፤ ሲጠግብ አረንጓዴ አብርቶ ያቆማል፤ የማይሆን ነገር ሲሰካበት ቀይ እያርገበገበ እምቢ ይላል። ዕቃውን ከጠቀለሉልኝ በኋላ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

“ተራውን ድንጋይ እንዳትሰካበት! አሲድ ይተፋብሃል፤ ሊፈነዳም ይችላል።”

“ምነው ሐጂ፣ አስተማሪ እኮ ነኝ!”

“ለዚያ እኮ ነው የምነግርህ።”

ከገዛኋቸው ውስጥ አራቱን ለአባባ መደብኩላቸው። ሁለቱ ሬዲዮናቸው ውስጥ ይሠራሉ፤ ሁለቱ እኔ ጋ ይሞላሉ። ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ እንለዋወጣለን። አንድ ወር ሙሉ ምንም ነገር ሳይነክሱ ዜና ሰሙ! በአራተኛው ቅዳሜ ድንጋዮቹን መዳፋቸው ላይ እያገላበጡ “አሁን ይሄ ነገር አይሞትም?” ብለው ጠየቁኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ነገር ጠይቀውኝ መልሱን ለመስማት ሲጠብቁ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነው። ልቤ አበጠ።

“አባባ” አልኳቸው፣ “ድንጋይ እኔ ቤት ከመጣ የሞተውም ይነሳል!”

ስህተቴን አያችሁ? “እንዲህ ዓይነቱ ድንጋይ ብቻ” ማለት ነበረብኝ። ስንቱን ተማሪ “ቃል አጓደልክ” እያልኩ ማርክ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው፣ አንዲት “ብቻ” ጎደለችኝና ጉዴ ፈላ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባባ ስልቻ ተሸክመው ገቡ። ወለሉ ላይ ሲያወርዱት ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ።

“ምንድን ነው አባባ? ድንች ነው?”

“ድንጋይ ነው።”

ዘረገፉት። ቀያይ ተራ ድንጋይ፣ ሁሉም የሞተ፣ ሁሉም ወገቡ ላይ የተነከሰ። ስልሳ ሁለት! ከክምር ድንጋይ ክምር ድንጋይ መጣልኝ።

“ለአገሩ ሁሉ ነገርኩ” አሉኝ። “አማቼ የሞተ ድንጋይ ያነሳል አልኳቸው። ሳቁብኝ። ‘ያ አማርኛ የሚያስተምረው?’ አሉኝ። ‘አዎ፣ እሱ ራሱ!’ ብዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው።” ይህን ሲሉ ደረታቸውን እንዴት እንደነፉት ብታዩ!

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? በእኔ ኮርተው የማያውቁ ሰው ኮርተውብኛል። ኩራቱን እንዴት ብዬ ከእጃቸው ልቀማ? አሳዘኑኝም፣ ደስም አሉኝ፣ ፈራሁም። “ለሚመጣው ቅዳሜ ይደርሳል” አልኳቸው።

እንደሄዱ አራቱን ቻርጀሩ ላይ ሰካሁ። ቀይ ማርገብገብ ጀመረ። ነቅዬ ሰካሁ። አሁንም ቀይ። እያሻሸሁ፣ እየተቆጣሁ፣ እየለመንኩ ደጋግሜ ሰካሁ። በመጨረሻ አንዱ ድንጋይ ጠሽ ብሎ እናኑ ሁለት ወር የሠራችው የዳንቴል ጠረጴዛ ልብስ ላይ ጥቁር ነገር ተፋ። ለካ ሐጂ እውነታቸውን ነው።

“ንገራቸው” አለችኝ እናኑ ዳንቴሏን እያየች።

“ለአባትሽ? ስሜ ክምር ድንጋይ ድረስ ከተሰማ በኋላ?”

“የተሰማው ስምህ መሰለህ? ውሸትህ ነው።”

አልሰማኋትም። ሐጂ ሱቅ ሄጄ ያንኑ ዓይነት ቀይ ተራ ድንጋይ ጠየቅሁ።

“የሚሞላው ሰለቸህ?”

“አይ... ለዘመድ ነው።”

“ስንት ልስጥህ?”

“ስልሳ ሁለት።”

ሐጂ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። “ዘመዶችህን አላህ ያብዛልህ” ብለው ቆጠሩልኝ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሥራ ስነግራችሁ አፍራለሁ፤ ግን ልንገራችሁ። አዲሶቹን ድንጋዮች አመድ ውስጥ ቀበርኳቸው። ጓሮ አውጥቼ በጫማዬ አንከባለልኳቸው። ጽሕፈቱን በአሸዋ ፈገፈግሁ። ስጨርስ ስልሳ ሁለቱም ሦስት ክረምት ያለፋቸው መስለው ቁጭ አሉ። እናኑ በር ላይ ቆማ “በሬ መጥመድ ከዚህ ይቀል ነበር” አለችኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። አባባ ገና ሳይቀመጡ ከስልቻው ሁለቱን አውጥተው ሬዲዮናቸውን አጎረሷት። ጮኸች! ጎረቤት ድረስ ጮኸች። እኔ እንደ ሐኪም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆሜያለሁ። አባባ ሌላ አንድ አነሱ። አውራ ጣታቸውን ወገቡ ላይ አንሸራተቱ። አገላበጡት። ሌላ አነሱ፣ አንሸራተቱ። ሌላም። ከዚያ አንዱን በቀኝ በኩል ባሉት ሁለት ጥርሶቻቸው መሃል አስገብተው እንደ ቁልፍ ዞር ዞር አደረጉት።

“መምህር።”

“አቤት አባባ።”

“መሙላቱንስ ሞልቷል። ንክሻው የት ሄደ?”

ወይ ጉድ! አመዱን ሳስብ፣ አሸዋውን ሳስብ... ንክሻውን!

“እ... አባባ... ድንጋዩ ሲሞላ እኮ ያብጣል። ሲያብጥ ጊዜ... የተነከሰው ቦታ አብሮ ይሞላል።”

እናኑ ወደ ጓዳ ሮጠች። ሳቋን አፍና ይሁን አልቅሳ አላውቅም። አባባ ዓይኔን እያዩ ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ምርኩዛቸው እስኪወድቅ ሳቁ። አንስቼ ሳቀብላቸው እጄን ያዙኝ።

“ልጄ” አሉኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ! “አንተ ለእኔ ስትል ይህን ያህል ከደከምህ፣ እኔ ደግሞ ላንተ ስል ልዋሽ። ለአገሩ ‘መሙያው መኪና ተቃጠለ፤ ከእንግዲህ ድንጋይ አትላኩ’ እላቸዋለሁ።”

ዓይኔ እንባ አቀረረ። እውነቴን ነው፣ ለአንድ “ልጄ” ስልሳ ሁለት ድንጋይ ምን አላት! ስልቻውን ራሴ ተሸክሜ እስከ በር ሸኘኋቸው። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ግን ዞር አሉ።

“ስማ እንጂ” አሉኝ። “ለአገሩ ነው እንጂ ተቃጠለ የምለው፣ ለእኔ እንዳትዘጋብኝ። የሚመጣው ቅዳሜ ብቻዬን እመጣለሁ።”

“ምን ይዘው አባባ?”

አፋቸውን ከፍተው ከሦስቱ ጥርስ የተረፈውን ባዶ ድዳቸውን አሳዩኝ።

“የተነከሰውን ሞልተህልኛል። በል አሁን የነከሰውን ሙላልኝ!”