የጃቫው ለቅሶ

ከለቅሶ የሚሸሽ ሐበሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ታክሲ የሚነዱት ጋሽ ደምሰው እንደዚያ ነበሩ። "ቅዳሜ ለቅሶ፣ እሁድ ክርስትና! የኛ ሰው ጨረሰኝ" እያሉ አምና ኢንዶኔዥያ ሄዱና፣ ጃቫ ደሴት ላይ ካለች የሩዝ ገበሬዎች መንደር፣ ለጎብኚና ለኢንቨስተር ከሚሰጡት ቤቶች አንዱን በሊዝ ይዘው መጡ። "ሰላም ያለው እዚያ ነው። ስምህን እንኳ የሚያውቅ የለም!"

ባለፈው ሳምንት ከመንደሩ ተደወለላቸው። ጎረቤታቸው የነበሩ ገበሬ አርፈዋል፤ በደንቡ መሠረት ከየቤቱ አንድ ሰው ሩዝ ይዞ ለቅሶ ይደርሳል። ከጋሽ ደምሰው ቤትስ ማን ይመጣል?

ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሲልቨር ስፕሪንግ ያለነውን ሁሉ ኮል አደረጉን። ቤታቸው ስንደርስ ሶፋው ወጥቶ ወንበር ተደርድሯል፤ እሳቸውም ጥቁር ለብሰዋል።

"እግዜር ያጥናዎት" ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። "ሟቹን በደንብ ያውቋቸው ነበር?"

"አንድ ቀን ኮኮናት ሰጥተውኛል" አሉና እንባቸውን ጠረጉ። "ጎረቤት እኮ ነው፣ ልጄ! ለቅሶ ካልደረስን ምኑን ሰው ሆንነው?"

እውነታቸውን ነው። እኔም ሦስቱንም ቀን ተመላለስኩ። አምና እናቴ ስታርፍ ለቅሶው ላይ ያላየኋቸው፣ ለካ ያንን የጃቫ ቤት ሊያዩ ሄደው ኖሯል።