አፌን ከፍቼ የቀረሁ ዕለት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ጭምር። በመረጃና ግንኙነት ቴክኖሎጂ ዶክትሬት የሚማር ሰው ሊኖረው የሚገባ ሙያ ብዙ ነው፤ ኮድ መጻፍ፣ መረጃ መተንተን፣ ጽሑፍ ማሳተም፣ በሰው ፊት መናገር። የመጨረሻዋን ማን እንደ ጨመራት አላውቅም። በሰው ፊት መናገር የሚችል ሰው ምን ሊሆን ኮምፒውተር ይማራል?

እኔ ዓይነ አፋር ነኝ። ደግነቱ ስብሰባው ሁሉ በኢንተርኔት ሆነ፤ ባሕር ዳር ውስጥ ደግሞ «ኔትወርክ ነው» ያለን ሰው ዋሸህ የሚለው የለም። ከባድ ጥያቄ ሲመጣ ዓይኔን ካሜራው ላይ ተክዬ፣ አፌን በከፊል ከፍቼ ድርቅ እላለሁ። «ምስኪን፣ ምስሏ ቆመ» ይሉልኛል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የእኔ ዝምታ ግን አፍ ከፍቶ ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት የምርምር ዕቅዴ የሚጸድቅበት ነበር፤ ካልጸደቀ ስንብት ነው። የማጠናው ጣና ዳር ያሉ የቁንዝላ ዓሣ አስጋሪዎች በስልክ እንዴት እንደሚገበያዩ ነው። አንድ ፈታኝ፣ የሚነግሩሽን ሳይሆን የሚያደርጉትን በምን ታውቂያለሽ አሉኝ። መልሱ «አብሬያቸው ጀልባ ላይ እውላለሁ» ነው፤ አበቃ። እኔ ግን ድርቅ አልሁ።

በዚህ መሀል አከራዬ እትዬ ዘውዴ ቆሎ ይዘው ገቡ። «ልጄ» አሉ። ዝም። «አንች ልጅ፣ ምነው?» ዝም። ሳይንስ መሥዋዕትነት ይጠይቅ የለም? ወጥተው የጠበል ጠርሙሳቸውን ይዘው ተመለሱና «ልቀቃት አንተ ርኩስ» እያሉ ፊቴ ላይ ቸለሱት። ዓይኔን ሳልጨፍን ቻልሁት። ይህን ጽናት ለስታቲስቲክስ አውዬው ቢሆን ዛሬ ፕሮፌሰር ነበርሁ።

ወዲያው አማካሪዬ ደወሉ። ጥያቄው እንደ ተጠየቀ የእነሱ ሕንጻ መብራት ሄዶ ሁሉም ተቋርጠው ኖሯል፤ አንድም ሰው አላየኝም። ለካ የደረቅሁት ለላፕቶፔና ለእትዬ ነው። «አይዞሽ፣ ነገ ጠዋት በአካል መጥተሽ ያችን አንዲት ጥያቄ ብቻ ትመልሽልናለሽ» አሉኝ።

እትዬ በበኩላቸው ነገ ጠዋት ጠበል እንደምንሄድ ወስነዋል። «ትምህርት ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል» አሉ። እውነቱን ላስረዳቸው አሰብሁ፤ ማስረዳት ደግሞ መናገር ሆነብኝ።

በማግስቱ ማለዳ ነጠላዬን አጣፍቼ እትዬን ተከትዬ ጠበል ወረድሁ። ለአማካሪዬም አጭር መልእክት ላክሁ፦ «ድንገት አሞኛል፤ ምስክር ካስፈለገ አከራዬ አሉ።»