መኪናውን በክብር ስለ ማሳረፍ

በዚህ ዓለም ትልልቅ ሰዎች ትልልቅ ነገር ትተው ያልፋሉ። አንዱ ድልድይ፣ አንዱ ትምህርት ቤት፣ አንዱም ጠብ ትቶ ይሄዳል። ጋሽ መመሪያ ግን ለመንፈቅ ያህል ወደ ውጭ አገር ሊሄዱ ሲሰናዱ፣ ከኋላቸው ሊተዉ የፈለጉት በሥርዓት የተቀመጠ አንድ መኪና ነበር።

“ጋሽ መመሪያ” የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ መሥሪያ ቤት ምክትል ኃላፊ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ ምን ይሠራ እንደነበር ብዙ ሰው አያውቅም፤ እሳቸውም ቢሆኑ መመሪያውን እንጂ ሥራውን ሲያነሱ ተሰምተው አያውቁም። ከጡረታ በኋላ የሚመሩት ሕዝብ ቁጥር በእጅጉ ቢያሽቆለቁልም፣ ማለትም ባለቤታቸው ብቻ ቢቀሩም፣ የአመራራቸው ጥራት አልወረደም።

ጉዞው የመጣው እንዲህ ነው። ውጭ አገር የምትኖረው አንዲት ልጃቸው ወንድ ልጅ ተገላገለች። “ሁለታችሁም ኑልኝ” ብላ የፓስፖርቱንም የቪዛውንም ጣጣ ጨረሰች። ባለቤታቸው ወሬውን በሰሙ ማግስት ክር ገዝተው ትንሽዬ ሹራብ መሥራት ጀመሩ። ጋሽ መመሪያ በበኩላቸው ስብሰባ ጠሩ።

ስብሰባው የተካሄደው ሳሎን ውስጥ ነው። ሰብሳቢ እሳቸው፣ ተሰብሳቢ ባለቤታቸው።

“እንደሚታወቀው” ብለው ጀመሩ ጋሽ መመሪያ፣ “ሁለታችንም ከሄድን መኪናው ብቻውን ይቀራል።”

“ይቅራ። ጋራዥ ውስጥ አይደል ያለው?”

“ለረጅም ጊዜ የሚቆም መኪና ሰው ይፈልጋል። አይጥ ሽቦ ይበላል። እርጥበት ይገባል። ባትሪ ይሞታል። ስለዚህ ከሁለታችን አንዳችን በኃላፊነት እዚሁ እንድንቆይ ሐሳብ ቀርቧል።”

“ማን ነው ያቀረበው?”

“ቀርቧል።”

“እኔ የልጄን ልጅ ሳላቅፍ እዚህ ተቀምጬ አይጥ ልጠብቅ?”

“የምትጠብቂው አይጥ አይደለም፤ ንብረት ነው።”

ድምፅ ተሰጠ። አንድ ድጋፍ፣ አንድ ተቃውሞ ሆነ። ጋሽ መመሪያም ድምፅ እኩል በሚሆንበት ጊዜ ሰብሳቢው ያለበት ወገን ይረታል የሚለውን አንቀጽ በቃላቸው ጠቅሰው ውሳኔውን አጸደቁ። ባለቤታቸውም ሹራቡን አንስተው እጅጌውን ቀጠሉ።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባላልና፣ ዝግጅቱ ከጉዞው ብዙ ቀደም ብሎ ተጀመረ። የሰፈሩ መካኒክ ተጠራ። መካኒኩ ሰላማዊ ሰው ነው፤ ከደንበኛ ጋር ተከራክሮ አያውቅም። ዘይቱ ይቀየር ሲሉት “አዎ ጋሼ” አለና ቀየረ። ታንከሩ ጎደሎ ከሆነ ውስጡን ዝገት ይበላዋል ሲሉት “አዎ ጋሼ” አለና ነዳጁን እስከ አፉ ሞላ። ጎማው በአንድ ጎን ተኝቶ እንዳይበላሽ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ የእንጨት ጉማጆች ላይ ተቀመጠ። ጭስ ማውጫው አይጥ እንዳይገባበት በጨርቅ ተወተፈ፤ ጨርቁ የባለቤታቸው የአንገት ልብስ ነበር። ባትሪው ተፈትቶ ደረቅ ቦታ ተፈለገለት፤ ከቤቱ ሁሉ ደረቅ ሆኖ የተገኘው መኝታ ቤቱ፣ ከመኝታ ቤቱም የባለቤታቸው ራስጌ ነው። መሸፈኛው ደግሞ ላስቲክ ከሆነ እርጥበት ስለሚያምቅ፣ ለእንግዳ ብቻ ከሳጥን የሚወጣውን የጥጥ አንሶላ መኪናው ለበሰው።

“እንግዳ ሲመጣስ ምን ላንጥፍ?” አሉ ባለቤታቸው።

“እንግዳ አድሮ ይሄዳል። መኪናው ግን ይከርማል።”

ጋራዡ ውስጥ ዘመኑን ሁሉ ቆሞ የኖረው የባለቤታቸው የስፌት መኪናም አልቀረለትም። ሁለት መኪና በአንድ ጋራዥ መክረሙ ለቁጥጥር አያመችም ተብሎ ወደ ኮሪደር ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ወደ መታጠቢያ ቤት የሚሄድ ሰው ሁሉ በጎን ማለፍ ግድ ሆነበት።

ሥራው ሲጠናቀቅ ጋሽ መመሪያ አጭር ንግግር አደረጉ። ታዳሚው መካኒኩ፣ ባለቤታቸውና በአጥሩ በኩል አንገቷን ያስገባች ጎረቤት ናቸው። “ይህ መኪና ዛሬ ቆመ ማለት አይደለም” አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። “ወደ ላቀ የዕረፍት ምዕራፍ ተሸጋገረ ማለት ነው።” መካኒኩ አጨበጨበ። እጁ ላይ ዘይት ስለነበረ ጭብጨባው ብዙም ድምፅ አልሰጠም።

በቀጣዮቹ ሳምንታት ባልና ሚስት ገበያ በእግር መመላለስ ጀመሩ። ባለቤታቸው ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በአንድ እጃቸው ድንች የሞላ ዘንቢል፣ በሌላው የሰው አጥር እየያዙ፣ ጥቂት ሄደው ያርፋሉ፣ ጥቂት ሄደው ያርፋሉ። ጋሽ መመሪያ ሽንኩርቱን ይዘው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ።

“ጋሼ፣ መኪናው ተበላሸ እንዴ?” ብላ ጠየቀቻቸው ያቺው ጎረቤት።

“አልተበላሸም። ተዘጋጀ።”

“እህ” አለች ጎረቤቲቱ፣ የባለቤታቸውን ዘንቢል እየተቀበለች። “ላም አለኝ በሰማይ በሉኛ።”

“ያውም እስከ አፏ የሞላች” አሉ ባለቤታቸው።

የጉዞው ዕለት ጠዋት ታክሲ በር ላይ ቆመ። ባለቤታቸው ያለቀውን ሹራብ አጣጥፈው ሻንጣው ውስጥ ከላይ አኖሩት። “ለልጁ አልብሰውና ፎቶ አንሣልኝ” አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ጋሽ መመሪያ ይህን ባለቤታቸው ለተሰጣቸው ኃላፊነት ካላቸው ስሜት የመነጨ አድርገው ወሰዱትና “በርቺ” ብለው ታክሲው ውስጥ ገቡ።

ታክሲው ከተማውን እንዳጋመሰ አንድ ሐሳብ እንደ ጊንጥ ነደፋቸው። ለረጅም ጊዜ የሚቆም መኪና የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ አለበት፤ ተይዞ ከከረመ ይጣበቃል። ተለቆ ነበር? መካኒኩ ዘንድ ደወሉ።

“የእጅ ፍሬኑ ተለቋል፣ አይደል?”

“አዎ ጋሼ።”

“ወይስ እንደተያዘ ነው የቀረው?”

“አዎ ጋሼ።”

“የትኛው ነው አዎ?”

“እርስዎ ያሉት ጋሼ።”

ጋሽ መመሪያ ስልኩን ዘጉና የባለታክሲውን ትከሻ ነካ አደረጉ። “መልሰኝ።”

“ፓስፖርትዎን ረሱ?”

“ከእሱ ይበልጣል።”

ባለታክሲው ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ያለ መስሎት እየከነፈ መለሳቸው። ጋሽ መመሪያ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ገብተው አንሶላውን ገለጡ፣ በሩን ከፍተው አጎነበሱ። የእጅ ፍሬኑ ተለቋል። በሠርጋቸው ቀን እንኳ እንዲህ ደስ ብሏቸው እንደነበር እርግጠኛ አይደሉም።

“በል እንግዲህ ሂድ” አሉ ባለቤታቸው ከበሩ ላይ ቆመው። “አውሮፕላኑ ያመልጥሃል።”

“የተከፈተ ሥራ ሳይዘጋ አይኬድም።”

በሩ ተቆለፈ። አንሶላው ተጎተተ። አንዱ ጥግ ስለተሸበሸበ እንደገና ተነሣ፣ እንደገና ተጎተተ። ባለታክሲው ውጭ ሆኖ ጥሩምባ ነፋ፣ ቆየና አሁንም ነፋ፣ ከዚያ ሻንጣውን በር ላይ አስቀምጦ ሄደ። የመጨረሻው ጥግ እየተስተካከለ ሳለ አንድ አውሮፕላን በሰፈሩ ላይ እያጓራ አለፈ። ባለቤታቸው ቀና ብለው አዩት። ጋሽ መመሪያ ቀና አላሉም፤ ጥግ ይዘው ነበር።

አመሻሹ ላይ ልጃቸው ደወለች።

“አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው? አመመህ እንዴ?”

“ጤናዬ የተሟላ ነው። ድንገተኛ የፍተሻ ሥራ አጋጥሞ ነው።”

“የምን ፍተሻ?”

“የእጅ ፍሬን።”

ልጅቱም ከዚያ “እማዬን ስጠኝ” አለች።

ባለቤታቸው ስልኩን ይዘው ጓዳ ገቡና በሩን ዘጉ። አንድ ጊዜ ለቅሶ፣ አንድ ጊዜ ሳቅ፣ ከዚያ ደግሞ ረጅም ሹክሹክታ ተሰማ። ሲወጡ ፊታቸው ፈክቶ ነበር።

“ለእኔ ቲኬት ልትልክልኝ ነው። አባዬን ከመኪናው መለየት ግፍ ነው ብላለች።”

ጋሽ መመሪያ ጉዳዩን በጥልቀት መረመሩት። እንዲያውም የመጀመሪያው ውሳኔ ክፍተት እንደነበረበት ተገለጠላቸው፤ ይህን ያህል ኃላፊነት ሥልጠና ላልወሰደ ሰው መስጠት በራሱ ስህተት ነበር። “ተስማምተናል” አሉ። ማንም ግን አልጠየቃቸውም ነበር። ባለቤታቸው ሹራቡን ከእሳቸው ሻንጣ አውጥተው ወደ ራሳቸው አዛውረው ጨርሰዋል።

ባለቤታቸው በሄዱበት ቀን ጉልበታቸው መኖሩ ትዝ ያላቸው አይመስልም ነበር። “ድስቱ ጓዳ ነው” አሉ። ታክሲው ውስጥ ገብተው ወደ ፊት እያዩ ሄዱ።

ጋሽ መመሪያ ወዲያው ወደ መደበኛ ሥራቸው ገቡ። ጠዋት ጋራዡን ይከፍታሉ፣ የአንሶላውን ጫፍ ገልጠው ያያሉ፣ መልሰው ይሸፍናሉ። ድንቹን አሁን ራሳቸው ይሸከማሉ። ዳቦ በሻይ ምሳም እራትም ሊሆን እንደሚችል ደረሱበት። መንፈቁ አለቀ። ባለቤታቸው “ልጁ ለምዶኛል፣ ትንሽ ልቆይ” አሉ። ትንሹም አለቀ፤ ሌላ ትንሽ ተተካ።

አንድ ቀን በስልኩ ምስል እየተያዩ ሲነጋገሩ ልጁ ሹራቡን ለብሶ በአያቱ ጭን ላይ ብቅ አለ። ሹራቡ ከወዲሁ አጥሮታል። ጋሽ መመሪያ ልባቸው ተነካ። ልጁ ያላየው ትልቅ ነገር ስላለ ስልኩን ይዘው ጋራዡ ገቡና አንሶላውን ገለጥ አደረጉለት።

“አየኸው? የአያትህ ነው።”

ልጁ አዛጋ።

“ሸፍነው አባዬ” አለች ልጃቸው ከጎን። “ብርሃን ይጎዳዋል።”

ጋሽ መመሪያ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ልጅ ወልዶ ማስተማር ለዚህ ነው፤ በስተመጨረሻ አንድ የሚረዳቸው ሰው ተገኘ። በጥንቃቄ ሸፈኑት።

“እንዴት ነው?” አሉ ባለቤታቸው፣ ፊታቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው።

“እንዳለ ነው። ጎማው አልተነፈሰም። ዝገት የሚባል አልነካውም። ቀለሙ እንደ አዲስ ነው።”

“መኪናውን አይደለም የጠየቅሁህ።”

ጋሽ መመሪያ ዙሪያቸውን ቃኙ። ጋራዡ ውስጥ “እንዴት ነው” ተብሎ የሚጠየቅ ሌላ ነገር ምን እንዳለ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።