የወይዘሮ አቻምየለሽ ዕቅድ

ዕቅዱን አሳምሮ ጽፎ ሌላ ነገር የሚያስተምር መምህር ያልገጠመው ሰው፣ ቋንቋ ተምሬያለሁ ብሎ አፉን ሞልቶ አይናገር። አቃቂ በባቡሩ ዘመን ከእንዲህ ዓይነቶቹ ቁንጮዋን ታድላ ነበር፤ ክብርት ወይዘሮ አቻምየለሽን፣ የአራተኛ ክፍል አማርኛ አስተማሪያችንን። እኔ የሒሳብ መምህርና ምክትል ዳይሬክተር ስለነበርኩ፣ ሰኞ ሰኞ ዕቅዳቸውን ተቀብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ።

ዕቅዱ «ማክሰኞ፦ ተውላጠ ስም» ይላል። ማክሰኞ በመስኮት ሳልፍ ልጆቹ ስለ ጭቃ ይጣላሉ።

«ወይዘሮ አቻምየለሽ፣ ተውላጠ ስሙስ?»

«አቶ ቀናው፣ ዝናቡን አላዩም? ግማሾቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ማን ማንን ገፋ ብዬ ጠየቅኋቸው። 'እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው! አንተ ነህ እንጂ!' እያሉ ተውላጠ ስሙን ራሳቸው አመጡት።»

ዕቅዳቸውን የሚያዘው ሰማይ ብቻ አልነበረም። አባቱ ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ገብቶ ስለሚተኛ ቤት ውስጥ መተንፈስ የተከለከለ ልጅ ካለ፣ የዚያን ቀን ትምህርት ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ሆድ ባዶ ከሆነ ረጅሙ ምንባብ ያጥራል። ጠዋት በር ላይ ቆመው የገቢውን ሁሉ ፊት እያዩ፣ «ዕቅድማ አለኝ፤ ልጆቹን ግን ገና አላየኋቸውም» ይላሉ። ዳይሬክተራችን ይህን በሰሙ ቁጥር ራሳቸውን ያማቸዋል።

አንድ ዓመት ዳሲቱ የምትባል ልጅ አራተኛ ክፍል ገባች። እናቷ ዲንቄ ጣቢያው ላይ ለመንገደኛ ወተት ትሸጣለች፤ ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። ዳሲቱ የተባለችውን ትጽፋለች፣ አፏን ግን አትከፍትም። ጥቅምት አለፈ፣ ገና አለፈ፤ አንድ ቃል የለም። ዳይሬክተሩ «አማርኛ አትችልም፤ አንደኛ ክፍል ትመለስ» ብለው ወሰኑ። ወይዘሮ አቻምየለሽ «ጥቂት ይታገሱኝ» ብለው ለመኑ።

ታዲያ በዚያው ሳምንት ኢንስፔክተር ገብረጻድቅ ከሚኒስቴር ከች አይሉም! ቀጥታ አራተኛ ክፍል ወሰድኳቸው። ክፍሉ ባዶ ነው። ሰሌዳው ላይ በዚያ በሚያምር ጽሕፈት «ጣቢያ ነን» ይላል።

ኢንስፔክተሩ ዕቅዱን ከጠረጴዛው አንስተው ወደ ባቡር ጣቢያው አመሩ፤ እኔም ተከተልኳቸው። የናዝሬቱ ባቡር ቆሟል። ተማሪዎቹ በየመስኮቱ ሥር ቆመው መንገደኛ ይጠይቃሉ።

«ዛሬ የግስ እርባታ አልነበረም እንዴ?» አሉ ኢንስፔክተሩ።

«እሱኑ ነው ጌታዬ፤ ይስሙ» አሉ ወይዘሮ አቻምየለሽ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዳሲቱን ትናንት እናቷን ስታግዝ አየኋት፣ አቶ ቀናው። ከመንገደኛ ጋር በአማርኛ ስትሟገት ጣቢያው ይሰማ ነበር። አማርኛ አይደለም የቸገራት፤ ክፍላችንን ነው የፈራችው። ታዲያ ክፍሉን ወደ እሷ አመጣሁት።»

ዳሲቱ የእናቷን የወተት ገንቦ ተደግፋ ጓደኞቿን እያየች ነበር። ኦልጅራ የሚባለው ወፈፌ ተማሪ አንዱን ሽማግሌ «ከየት መጣህ?» ሲላቸው ግን አላስቻላትም።

«መጡ ይባላል! ትልቅ ሰው ናቸው!»

ልጆቹ ሁሉ ዞሩ። ድምፅዋን ሰምተው አያውቁማ። እሷም መናገሯን ያወቀችው ዝምታው ሲመጣ ይመስለኛል፤ ፊቷ ቀላ። ይኸው ተመልሳ ልትዘጋ ነው አልኩ በልቤ። ወይዘሮ አቻምየለሽ ግን አላመሰገኗት፣ አላጨበጨቡላት። እንደ አዘቦት ነገር፣ «እኚህንስ ማን ይጠይቅልኝ?» ብለው ወደ ኢንስፔክተሩ አመለከቱ።

ዳሲቱ ቀረበች። «ጋሼ፣ ከየት መጡ?»

«ከ... ከትምህርት ሚኒስቴር።»

«ለምን መጡ?»

ኢንስፔክተሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ለማየት ነው፣ ልጄ።»

«አዩ?»

«አየሁ» አሉ፣ ሳል ቢጤ እየያዛቸው።

ዳሲቱ አራተኛ ክፍል ቀረች፤ ከዚያ ወዲያ እሷን ዝም ማሰኘት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ኢንስፔክተሩ ወይዘሮ አቻምየለሽን «ዕቅድ ይከበር» ብለው ገሠጹ፤ ወዲያው ግን እጃቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። በሚቀጥለው ሰኞ የቀረበልኝ ዕቅድ «ማክሰኞ፦ እንደ ልጆቹ አኳኋን» ይላል። ፈረምኩ።

ክረምቱ ሲገባ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ለሳሪስ፣ በዳይሬክተርነት። ሚኒስቴር ሄጄ ይቅርብኝ አልኩ።

«ምክንያት?» አለኝ ጸሐፊው።

«አቃቂ ለቤቴ ይቀርበኛል።»

ቤቴ ሳሪስ ነበር።