ለኮምፒውተር ዝም ያልንበት ጠዋት

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ ጥቅምት ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። እንደምታውቁኝ ሰላምታ አልቆጥብም። ደጄ የደረሰን ሰው ከልጆቹ ጀምሬ እስከ ላሙ ጤና ካልጠየቅሁት ያመኛል። እዚህ ሰፈራችን ኮልፌ ሁሉም ላም ያለው እንዳይመስላችሁ። ብቻ እጠይቃለሁ። ይኸው ሰላምታችን ነው እንግዲህ ልጄን ጉድ ሊሠራት የነበረው።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ትልቋ ልጄ ትርሲት መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ዩኒክስ የሚሉትን ትልቅ ኮምፒውተር ትጠብቃለች። እሱን ሌላ ሰፈር ሆኖ በስልክ ማዘዝ ይቻላል ብላ ተነሣች። እዚያ ያለውን ሲደወልለት እንዲመልስ አሰናድታ፣ ለሙከራ ቴሌቪዥን የሚመስል መሣሪያ ይዛ ቤቴ መጣች፤ በሰፈሩ ስልክ ያለው እኛ ጋ ነዋ! አለቃዋ ግን «እስከ ስድስት ሰዓት በስልክ ኮምፒውተሩ ውስጥ ካልገባሽ ሥራውን ለሌላ ጓድ እሰጣለሁ» ብሏታል።

የስልኩን እጀታ መሣሪያዋ ላይ ባለው ሁለት የጎማ ጉድጓድ አስተኛችው። መሣሪያዎቹ በፉጨት ነው የሚነጋገሩት፤ ቤት ውስጥ ሰው ካወራ ፉጨቱ ይደባለቅባቸዋል። ጎረቤት እየገባ «እንዴት አደራችሁ፣ ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል?» ሲል፣ እኔም አፌ አያርፍ ስመልስ፣ የመሣሪያዋ መስተዋት ላይ የማይነበብ ኮተት ይፈስና መስመሩ ይቋረጣል። ሦስቴ ተቋረጠ።

«እማዬ፣ በቃ አለቀልኝ» አለችኝ። አምስት ሰዓት አልፏል።

ስልክ ፈልጎ በሚመጣ ጎረቤት ላይ በር መዝጋት ነውር ነው። በሩን ከፍቼ ደፉ ላይ ቁጭ አልኩና፣ ለመጣው ሁሉ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ አንገቴን ደፋሁ። እኔ! ሰላም ሳልል! ጎረቤቴ ብርቄ አይታኝ በድንጋጤ ተመለሰች። ወዲያው ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሴቶች አስከትላ፣ የእድሩን አግዳሚ አሸክማ ከች። ልናገር ብል ልጄ በዓይኗ ትቆጣኛለች። ተደርድረው ተቀመጡ፤ እንባቸው ይወርዳል፣ ትንፍሽ የሚል የለም።

በዚያ ዝምታ ትርሲት እንደገና ደውላ ጻፈች፣ ጻፈች፣ እጀታውን መለሰችው። ስልኩ ጮኸ። አለቃዋ ነው። «ጓድ ትርሲት፣ የላክሽው ጽሑፍ እዚህ ታትሞ ወጥቷል!»

እልልታዬን አቀለጥኩት።

«በለቅሶ ቤት እልልታ?» አለች ብርቄ። «ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?»

«ማንም። ልጄ ኮምፒውተር ገብታ ነው።»

«እንግዲያ እንባዬን መልሺልኝ!»

ትርሲት የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ሆና ቆይታ ጡረታ ወጣች። አለቃዋ ክፍለ ሀገር ተዛወረ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬውን አልሰማሁም። ስልኩ አሁንም ጠረጴዛው ላይ አለ፣ አይሠራም። ብርቄ አርፋለች፤ ነፍሷን ይማርና፣ በእውነተኛው ለቅሶዋ ዕለት ያን ጠዋት አፍኜ የያዝኩትን ድምፅ ሁሉ ለእሷ አወጣሁት።